በከሰል ግርድ ውስጥ የተገኘው ቀሰም

የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት አገር ሁሉ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ የግርድ ክምር። ከሰሉ ተለይቶ ከተጫነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ፍርካሽና ድንጋይ ከጉድጓዱ አጠገብ ይከመራል፤ ዝናብ ይመታዋል፣ አየር ይገባዋል። በውስጡ የቀረው ብረትና ሰልፈር ያዘለ ማዕድን ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል፣ ይሞቃልም። እንዲህ እያለ ማንም ሳይለኩሰው ክምሩ ከሆዱ ይግላል፣ ይጨሳል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ከነበሩት እንዲህ ካሉ ክምሮች ከአንዱ፣ ቶማስ ብሮክ የተባለ የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናሙና ዘግነው ወደ ቤተ ሙከራቸው ወሰዱ።

ብሮክ በሙቀት ውስጥ የሚኖሩ ሕዋሳትን በማሳደድ የታወቀ ሰው ነበር። በየሎውስቶን ፍል ውሃዎች ካገኛቸው ባክቴሪያዎች የአንዷ ኢንዛይም በኋላ ዘመን የፒሲአር ምርመራ መሠረት ሆኗል፤ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫው የተጠረገ ሁሉ የብሮክ ባለ ዕዳ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከከሰሉ ግርድ የወጣው ፍጡር ግን ለእሱም እንግዳ ነበር። በ59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፋፋል። የጨጓራን ያህል በኮመጠጠ አሲድ ውስጥ ይኖራል። ያም ሆኖ ሌሎች ባክቴሪያዎች የሚከለሉበት ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ በስስ ሽፋን ብቻ ተሸፍኖ እሳት ዳር የተቀመጠ ያህል ነው። በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴርሞፕላዝማ አሲዶፊለም ተብሎ ስሙ ወጣለት።

ይህን ስም ካነበቡት አንዱ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴኒስ ሲርሲ ነው። ሲርሲን የከነከነው ጥያቄ የዋህ የሚመስል ነበር፦ ይህ ፍጡር በዚያ ሙቀትና አሲድ ውስጥ ዲኤንኤውን እንዴት አድርጎ ነው የሚያቆየው?

ዲኤንኤ ክር ነው። ፈትል ሲፈተል ያየ ሰው የክርን ጠባይ ለመረዳት ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፤ ክር ካልተጠነጠነ ይወሳሰባል፣ ውሉ ይጠፋል። ፈታይዋ እንዝርቷ ላይ ትጠመጥመዋለች። ሸማኔው ደግሞ ማጉን ቀሰም በምትባል አጭር ሸንበቆ ላይ አጠንጥኖ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይከታታል። ቀሰም ሁለት ሥራ አላት፤ ክሩ ቦታ እንዳይፈጅ ትሰበስበዋለች፣ ሲሳብ ደግሞ ሳይተበተብ ትለቀዋለች። ይህች ሁለተኛዋ ሥራ ከመጀመሪያዋ ታስቸግራለች። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ዲኤንኤ አለ፤ የሚቀመጥበት ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ያ ሁሉ ክር እዚያ ውስጥ ታጭቆ፣ በየደቂቃው ደግሞ የሚፈለገው ቦታ እየተከፈተ መነበብ አለበት።

የዲኤንኤ ቀሰም ፍለጋ የጀመረው በጀርመን ነው። በ1869 ፍሬድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም፣ ቱቢንገን ከተማ በሚገኝ አሮጌ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ውስጥ በተሠራ ቤተ ሙከራ፣ ከሆስፒታል የሚመጣለትን መግል የተጠጣ ፋሻ እያጠበ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይሰበስብ ነበር። ከኒውክሊየሳቸው ያወጣው ፎስፈረስ የበዛበት ንጥረ ነገር ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ነው። በ1884 አልብረክት ኮሰል ከዝይ ደም፣ ከዚሁ ክር ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን ፕሮቲን ለየና ሂስቶን ብሎ ጠራው። ዝይ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአዕዋፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ እኛ ባዶ ሳይሆን ኒውክሊየስ አለው።

ሂስቶን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙዎች ትኩር ብለው ያላዩት ፕሮቲን ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1969 ሮበርት ደላንጅና ባልደረቦቹ የጥጃንና የአተርን አንድ ዓይነት ሂስቶን ጎን ለጎን አድርገው፣ አሚኖ አሲድ በአሚኖ አሲድ፣ ሲያነቡ ነው። ፕሮቲኑ 102 አሚኖ አሲዶች አሉት። በጥጃውና በአተሩ መካከል የተገኘው ልዩነት ሁለት ብቻ ሆነ። ጥጃና አተር በየፊናቸው ከሄዱ ከቢሊዮን ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቦታ መነካት የማይወድ ፕሮቲን ማለት አንድ ትልቅ ሥራ የተሸከመ ፕሮቲን ነው። በ1974 ሥራው ታየ። በቴነሲ አዳና ዶናልድ ኦሊንስ የተባሉት ባልና ሚስት፣ ፈንድቶ ከተዘረጋ ኒውክሊየስ የወጣው ክር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጨሌ የተሰካ መሆኑን ፎቶ አንስተው አሳዩ። በዚያው ዓመት ሮጀር ኮርንበርግ እያንዳንዷ ጨሌ የስምንት ሂስቶኖች ድምር እንደሆነች፣ ክሩም እንደሚጠመጠምባት አስረዳ። ጨሌዋ ኒውክሊዮሶም ተባለች።

እዚህ ላይ አንድ እምነት አብሮ ተጠነጠነ። ሂስቶን ያለው ኒውክሊየስ ያለው ሕዋስ ነው፤ ሰው፣ ጥጃ፣ አተር፣ እርሾ። ኒውክሊየስ የሌለው ባክቴሪያ ደግሞ ዲኤንኤው ራቁቱን ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ቃል በቃል ራቁት ይሉት ነበር፤ ተማሪዎችም እንዲሁ ይሸመድዱት ነበር። ቀሰም የባለጠጎች ዕቃ ነው፣ ድሃው ክሩን እንዳገኘ ያስቀምጠዋል እንደማለት ነው።

ሲርሲ የከሰሉን ፍጡር የመረመረው ይህ እምነት በነበረበት ጊዜ ነው። በ1975 ቴርሞፕላዝማ ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ የሚገኝ ሂስቶን መሰል ፕሮቲን እንዳገኘ አሳተመ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዳያና ስታይን ጋር ሆኖ የፕሮቲኑን ጥቅም ለካ፤ ፕሮቲኑ ሲጨመርበት ዲኤንኤው ለሁለት ተሰንጥቆ የሚለያይበት ሙቀት በ40 ዲግሪ ያህል ከፍ አለ። ቀጥለው ክሩን በሚቆርጥ ኢንዛይም ቢያስነክሱት ፕሮቲኑ የያዘው ቦታ ሳይቆረጥ ተረፈ። የተረፈችው ቁራጭ 40 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርዝመት ነበራት፤ አራት የፕሮቲን ሞለኪውሎችም ተሸክመዋታል። ትንሽ ናት። ግን ጨሌ ናት። ሲርሲ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ድፍረት አለፈ፦ የእኛ ዓይነቱ ባለ ኒውክሊየስ ሕዋስ የመጣው እንደ ቴርሞፕላዝማ ካለ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል አለ።

ፍርዱ የመጣው በ1981 ነው። የሲርሲን ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በአሚኖ አሲድ ያነበበው ያው የጥጃውና የአተሩ ሰው ደላንጅ ነበር፤ ሲርሲም አብሮት ሠርቷል። ውጤቱ አንጀት የሚያርስ አልነበረም። ፕሮቲኑ የሂስቶን ዘመድ ሳይሆን፣ ፓሪስ ውስጥ ከኢ ኮላይ ባክቴሪያ የተገኘው ኤችዩ የተባለ ፕሮቲን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የሲርሲ ፕሮቲን ሂስቶን መሰል ተብሎ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወረደ። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ግርጌ ማስታወሻ ማለት የቀብር ቦታ ነው፤ አንዳንዱ ግን ይነሣል። ወደዚህኛው እንመለስበታለን።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ሰው፣ ፈጽሞ በሌላ ጉዳይ ተጠምዶ፣ የጨዋታውን ሜዳ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት እየከፈለው ነበር። ካርል ዉዝ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሕዋሳት ፕሮቲን የሚሠሩበት ማሽን፣ የራይቦዞም፣ የአርኤንኤ ቁርጥራጮች በኤክስሬይ ፊልም ላይ የሚተዉትን ነጠብጣብ ከስሩ በሚበራ መስታወት ላይ ዘርግቶ ያነብ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለዓመታት ከጧት እስከ ማታ ነጠብጣብ መቁጠር። ጎረቤቱ ራልፍ ዎልፍ ሚቴን የሚያመነጩ ተሕዋስያንን አምጥቶ ሲሰጠው ነጠብጣቡ ከባክቴሪያ ጋር አልገጥም አለ። ከባለ ኒውክሊየሶቹም ጋር አልገጠመም። በ1977 ዉዝና ጆርጅ ፎክስ ሦስተኛ የሕይወት ጎራ አለ ብለው አሳተሙ፤ ኅዳር ገደማ ኒው ዮርክ ታይምስ ዜናውን በፊት ገጹ አወጣው። ዎልፍ በኋላ እንደተናገረው፣ አንድ የኖቤል ተሸላሚ ስልክ ደውሎ ከዚህ ቅዠት ራቅ ብሎ መክሮት ነበር። ጎራው መጀመሪያ ጥንታዊ ባክቴሪያ የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠራ ነበር፤ በ1990 ዉዝ ባክቴሪያ የሚለውን ቅጥያ ቆርጦ ጣለና አርኪያ አለው። የከሰሉ ክምር ፍጡር ቴርሞፕላዝማም ከአርኪያ ወገን ሆኖ ተገኘ።

አርኪያ እንግዲህ በመልክ ባክቴሪያ ነው፤ ኒውክሊየስ የለውም፣ ጥቃቅን ነው። በውስጥ ዕቃው ግን ወደ እኛ ያዘነብላል። ይህን በማየት ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ሙኒክ አጠገብ የነበረው ቮልፍራም ዚሊግ ሲሆን፣ የአርኪያ ዘረመል አንባቢ ኢንዛይም የእኛን ዓይነት እንጂ የባክቴሪያን ዓይነት እንዳልሆነ አሳየ። አንባቢው ዘመድ ከሆነ የሚነበበው ክር የሚጠነጠንበትስ? ጥያቄው በአየር ላይ ነበር።

መልሱ የመጣው ከአይስላንድ ነው። ካርል ሽቴተር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከእሳተ ገሞራ ፍል ውሃዎችና ከባሕር ግርጌ ትኩስ ጭስ ላይ ፍጥረታትን የማውጣት ጸጋ ያለው ሰው ነበር። በ1981 ከአይስላንድ ፍል ውሃ ያወጣው ሚታኖቴርመስ ፈርቪደስ ሚቴን እያመነጨ በ83 ዲግሪ ይመቸዋል፣ እስከ 97 ዲግሪም ይችላል። ፍል ውሃ ሲባል ቀዝቅዞ ለገላ መታጠቢያ የሚቀርበውን የአዲስ አበባውን የሚያስብ አንባቢ ይሳሳታል፤ ይህ ሊንፈቀፈቅ ትንሽ የቀረው ውሃ ነው።

የዲኤንኤ ሁለት ገመዶች እርስ በርስ የተያያዙት በጥንድ ፊደላት ነው። ጂና ሲ የሚባሉት ጥንዶች በሦስት ማሰሪያ፣ ኤና ቲ የሚባሉት በሁለት ማሰሪያ ይያያዛሉ። ስለዚህ በሙቀት የሚኖር ፍጡር ዲኤንኤውን በጂና ሲ ይሞላዋል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ሚታኖቴርመስ ፈርቪደስ ግን የዚያ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ ጂና ሲ ከፊደሉ ሁሉ 33 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ዲኤንኤ በተለመደው የቤተ ሙከራ ጨው ውስጥ ራቁቱን ቢቀመጥ ፍጡሩ በሚመቸው በዚያው ሙቀት ገደማ ሁለቱ ገመዶች ይላቀቃሉ። ማለትም ሚታኖቴርመስ ቁጭ ብሎ የሚኖረው ዲኤንኤው የሚተረተርበት ወለል ላይ ነው። የያዘው ነገር መኖር አለበት።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጆን ሪቭ ቡድን ይህን ያዡን ፈለገ። ካትሊን ሳንድማን ከሕዋሱ ውስጥ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቀውን ትንሽ ፕሮቲን አውጥታ ከባልደረቦቿ ጋር ፊደሉን አነበቡ። በ1990 የታተመው ጽሑፍ ርዕስ ሳያቅማማ ነገሩን ይናገራል፤ ፕሮቲኑ ከሁሉ ይበልጥ የቀረበው ለሂስቶን ነው ይላል። መሰል አይደለም። ዘመድ ነው፤ በደም። ስሙን ኤችኤምኤፍ አሉት፤ የሚታኖቴርመስ ፈርቪደስ ሂስቶን እንደማለት።

የሲርሲ ሰዎች ሲፈልጉት የነበረው ይኸው ነበር፤ ያውም ከዚያው ከአርኪያ ወገን፣ ግን ከሌላ ቤት።

ፕሮቲኑን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በቁጠባው ይገረማል። 69 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በእኛ ሂስቶኖች ዳር ተንዘርፍፎ የሚታየው ጭራ፣ ሕዋሱ የኬሚካል ምልክት እየለጠፈ ይህን ክፈት፣ ያን ዝጋ የሚልበት ጭራ፣ በዚህ ላይ የለም። የቀረው የመሐሉ አጥንት ብቻ ነው፤ አንድ ረዥም ጥምዝ፣ በሁለቱ ጫፍ አጫጭር ጥምዞች። ሁለት እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች እጅ ለእጅ እንደሚጨባበጡ ሰዎች ይቆላለፉና ጥንድ ይሆናሉ። ብቻውን የሚሠራ የለም። ይህ አጨባበጥ በእኛም ሂስቶን ውስጥ አንድ በአንድ ተደግሞ ይገኛል፤ የእኛዎቹ አራት ዓይነት ሆነው በጥንቃቄ የተከፋፈሉትን ሥራ የአርኪያው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሠራዋል። የሪቭ ቡድን በ1997 የአርኪያ ኒውክሊዮሶም ብሎ ያቀረበው የአራት ሂስቶኖች ጨሌ ሲሆን፣ ወደ 60 ጥንድ ፊደል ትሸፍናለች። የእኛዋ በስምንት ሂስቶን 147 ጥንድ ትይዛለች። ስለዚህ የአርኪያዋ የእኛ ግማሽ ናት ተብሎ ተጻፈ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም እንዲህ ተባለ።

አገላለጹ ትክክል ነው፣ ግን ያሳስታል። ግማሽ ሲባል ያልተጨረሰ ይመስላል።

በዚያው በ1997 ሌላም ነገር ሆኗል። በዙሪክ ካሮሊን ሉገር የተባለች ኦስትሪያዊት ከቲም ሪችመንድ ቡድን ጋር ሆና የእኛን ኒውክሊዮሶም አቶም በአቶም የሚያሳየውን ምስል አሳተመች። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየው ያ ክብ፣ ክሩ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚዞርበት ምስል የእሷ ነው። ያችው ሉገር ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኮሎራዶ ሆና፣ ወደ ጥንታዊው ዘመድ ዞረች። በ2017 ሳይንስ ላይ በወጣው ሥራ ሪቭም ሳንድማንም ከእሷ ጋር ስማቸው ሰፍሯል፤ የ1990ው ጽሑፍ ከወጣ 27 ዓመት ሆኗል። ያጠኑት ፕሮቲንም ያው የአይስላንዱ ኤችኤምኤፍ ነው።

ምስሉ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አሳየ። አንደኛው፣ ክሩ በአርኪያ ሂስቶን ላይ የሚታጠፍበት አቅጣጫና ጠመዝማዛ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ ቢደርቡት ይገጥማል። ሁለተኛው ግን ማንንም የሚያስደንቅ ነው። የእኛው ቀሰም ስምንት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ትንሽ ባዶ ክር፣ ከዚያ ሌላ ቀሰም። የአርኪያው አይዘጋም። ጥንድ ላይ ጥንድ እየተጨመረ፣ በየ30 ፊደሉ አንድ ጥንድ፣ ክሩ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይቀጥላል። ቀሰም ሳይሆን እየረዘመ የሚሄድ እንዝርት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በ2013፣ ከጃፓን ደሴት ፍል ውሃ በወጣ ቴርሞኮከስ ኮዳካረንሲስ የተባለ አርኪያ ውስጥ፣ በኢንዛይም የተነከሰው ዲኤንኤ በ30 በ30 እየተጨመረ የሚሄድ መሰላል እንደሚሠራ አይተው ነበር። መሰላሉ ምን እንደሆነ አሁን ታወቀ።

ነገሩ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ብቻ የሚታይ እንዳይሆን ተመራማሪዎቹ ወደ ሕያው ፍጡር ሄዱ። የጠመዝማዛው ሁለት ዙሮች ጀርባ ለጀርባ በሚጠጋጉበት ቦታ አንዲት ትንሽ አሚኖ አሲድ አለች፤ ከሁሉ ትንሿ ግላይሲን። እሷን አውጥተው በግዙፍ ቢተኳት ዙሮቹ መጠጋጋት ያቅታቸዋል። በቴርሞኮከስ ሕዋስ ውስጥ ይህን ሲያደርጉ ፍጡሩ አልሞተም። ነገር ግን ምግቡ ሲለወጥበት፣ ዝም ያሉትን ዘረመሎች ቀስቅሶ የሚሠሩትን ዝም ማሰኘት ሲኖርበት፣ ተደናበረ። ጥንጠናው ዕቃ ማሰባሰብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የትኛው ይነበብ የሚለውም ውስጡ አለበት። በ2021 የሉገር ቡድን በበረዶ አቀዝቅዞ በሚያይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ደግሞ ጠመዝማዛው ግትር እንዳልሆነ አየ፤ መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደረጃ ላይ እየተገለባበጠ በሚወርደው የልጆች መጫወቻ ሞላ መሰሉት። ክሩን ለማንበብ የመጣ ኢንዛይም ቀሰሙን ነቅሎ መጣል አያስፈልገውም፤ ይከፈትለታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አርኪያ ማለት ሂስቶን ያለው ባክቴሪያ መሰል ነው ብሎ መደምደም ያስጎመጃል። ግን አይደለም። ብሮክ ራሱ በ1972 ከየሎውስቶን የሰየመው ሰልፎሎበስ፣ በጣም ከተጠኑት አርኪያዎች አንዱ፣ ሂስቶን የለውም። ክሩን በሌላ ዕቃ ያስተዳድረዋል። 7 ሺህ የሚያህል የሞለኪውል ክብደት ያላቸው ደቃቅ ፕሮቲኖች ዲኤንኤውን እየገቡበት ያጥፉታል፤ አልባ የሚባለው ደግሞ ሁለት ክሮችን ጎን ለጎን ያያይዛል። አልባ የሚለው ስም በ2002 ሲወጣለት ምክንያቱ ባሕርዩ ነበር፤ አሴቲል የሚባለው የኬሚካል ምልክት ሲለጠፍበት ክሩን የሚይዝበት ጉልበት ይላላል። ያ በእኛ ሂስቶኖች ጭራ ላይ የሚሆነውን ያስታውሳል። ከደቃቆቹ አንዱን ደግሞ የባዮቴክኖሎጂ ሰዎች ከፒሲአር ኢንዛይም ጋር ሰፍተውታል፤ ኢንዛይሙ ክሩን ሳይለቅ ረዥም እንዲሄድ ይረዳዋል።

ጨው የሚወዱት አርኪያዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው የፖታሲየም ጨው የእኛን ሂስቶኖች ከዲኤንኤ ላይ እንደ ልጣጭ የሚልጥ ያህል ይበዛል። ሂስቶን አላቸው፣ ግን በመጠኑ ጥቂት ነው። በ2012 ሀሎፈራክስ በተባለው የሙት ባሕር አርኪያ ውስጥ እንደ ኒውክሊዮሶም የተሰደረ ነገር ታየ ተባለ፤ በኋላ በቅርብ ዘመዱ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሂስቶኑ የሚያሽግ ሳይሆን አንዳንድ ዘረመሎችን የሚቆጣጠር ይመስላል አለ። ክርክሩ አልበረደም።

የእነዚህ ጨው ወዳዶች ዘመዶች ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደሉም። በአፋር ዳሎል፣ ከባሕር ወለል በታች በመቶ ሜትር ገደማ ጥልቀት፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች በሚንፈቀፈቁበት ቦታ፣ ፑሪፊካስዮን ሎፔዝ ጋርሲያና ዳቪድ ሞሬራ የሚመሩት የፈረንሳይ ቡድን ለዓመታት ናሙና ሰብስቧል። በ2019 ያወጣው ውጤት ሁለት ፊት አለው። ከሁሉ በአሲድና በጨው በከፉት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አልተገኘም። አሞሌ በሚቆረጥበት የጨው ሜዳ ዙሪያና ብዙም ባልከፉት ውሃዎች ግን ረቂቅ ሕይወቱ ሞልቷል፤ አብዛኛውም አርኪያ ነው። ጥናቱ የዲኤንኤ አጠነጣጠናቸውን አልመረመረም። የአሞሌው ነጋዴ ግመሉን ሲጭን ስንት ዓይነት ቀሰም አብሮ እንደሚጭን ለማወቅ ለሚፈልግ ወጣት ተመራማሪ ሜዳው ክፍት ነው።

ታዲያ ቀሰሙ ከየት መጣ? የባለ ኒውክሊየሶች ፈጠራ ነው የተባለው እምነት በ1990 አብቅቷል፤ ሂስቶን ከኒውክሊየስ ይቀድማል። በ2015 ደግሞ ከግሪንላንድና ኖርዌይ መካከል ካለው ባሕር፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ደለል፣ ሎኪ የተባሉ አርኪያዎች ዘረመል ተነበበ፤ የእኛ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ጃፓናዊው ሂሮዩኪ ኢማቺና ባልደረቦቹ በ2006 ከጃፓን ባሕር ዳር፣ 2,533 ሜትር ጥልቀት ካለው ጭቃ፣ ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ፍጡር ለማሳደግ ተነሥተው 12 ዓመት ፈጀባቸው፤ ፍጡሩ አንድ ጊዜ ለመባዛት ከ14 እስከ 25 ቀን ይወስድበታል። በዚህ ወገን ካሉት ሂስቶኖች አንዳንዶቹ ጭራ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያም በ2023 አንድ ሌላ አጥር ፈረሰ፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችን እያደነ በሚበላ ባክቴሪያ ውስጥ እውነተኛ ሂስቶን ተገኘ፤ ያውም ክሩን የሚጠቀልል ሳይሆን ክሩን ከውጭ እንደ ሰገባ የሚሸፍን።

አሁን ወደ ከሰሉ ክምር እንመለስ። የሲርሲ ፕሮቲን በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ 38 ዓመት ያህል ተኝቶ ነበር። በ2019 ለንደን የሚገኘው የቶቢያስ ቫርኔክ ቡድን፣ አንቱዋን ኦሼ በመሪነት የጻፈበትን ጥናት አወጣ። ሥራው ከሲርሲና ከስታይን የድሮ ሙከራ ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቴርሞፕላዝማን ማሳደግ፣ ክሩን በሚቆርጥ ኢንዛይም ማስነከስ፣ የተረፉትን ቁርጥራጮች መሰብሰብ። ልዩነቱ እያንዳንዱ ቁራጭ ከዘረመሉ ካርታ ላይ የት እንደሚውል ዛሬ ሊነበብ መቻሉ ነው። የተረፉት አጫጭርና ረዘም ያሉ ቁርጥራጮች ከፕሮቲን ጥንዶች መደመር ጋር የሚስማማ መልክ ነበራቸው፤ አቀማመጣቸውም በዘረመሎች ጅማሬ አካባቢ ላይ የአርኪያ ሂስቶኖችን አቀማመጥ ይመስል ነበር።

የዘር ሐረጉን ደላንጅ አልተሳሳተም፤ ፕሮቲኑ የኤችዩ ወገን ነው። የቴርሞፕላዝማ አባቶች በአንድ ወቅት ከባክቴሪያ ጎረቤት የተዋሱት ነው። ሂስቶናቸውም ጠፍቷል። ቀሰሙ የጠፋበት ሸማኔ ከጎረቤት ሸንበቆ ቆርጦ፣ እንደ ቀድሞው ቀሰም አርጎ ጠነጠነበት። ሂስቶን መሰል የሚለው የ1975 ስም፣ ለሥራው ሲሆን፣ ልክ ነበር።

ያው ቡድን በ2022 በብዙ አርኪያዎች ውስጥ የእንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን መጠን በመለካት ሲያወዳድር፣ ከሁሉ ይበልጥ ልዩነቱን የሚያስረዳው ፍጡሩ የሚኖርበት ሙቀት ሆኖ አገኘው። ውሃው በጋለ ቁጥር ቀሰሙ ይበዛል።